ኦቦን ብቻዋን ለምትማር ልጅ

ይድረስ ለሥራ ወደ ጀርመን ለምትጓዘው ልጅ፤

ኦቦ ርዝመቱ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የውስጥ ቀዳዳው ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ መያዝ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ጥቁር እንጨት በኢትዮጵያ ቆላማ ስፍራዎችም ከሚበቅል ዛፍ ይገኛል። ያለ አስተማሪ ለመዝናኛ የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ጣቶቹ ነው፤ ይሁን እንጂ የጣት አቀማመጥ ከሰንጠረዥ የሚገኝ ነገር በመሆኑ፣ ዋሽንት ለለመደ እጅ ደግሞ ቀዳዳ መድፈንና መክፈት ብርቅ ባለመሆኑ፣ ጭንቀቱ ያለ ቦታው የዋለ ነው። የሚያታልለው ሪዱ ነው።

ሪድ የሚባለው ሸምበቆ ከሚመስል ተክል ተፍቀው የሳሱ ሁለት ስንጣሪዎች በአንዲት አጭር ቱቦ ላይ በክር ታስረው የሚሠሩት የመሣሪያው አፍ ሲሆን፣ ድምፁ የሚወለደው ስንጣሪዎቹ በትንፋሽ ሲርገበገቡ ነው። ተክል ነውና እንደ አየሩ እርጥበትና እንደ ዕድሜው ይለዋወጣል፤ ትናንት በቀላሉ የጮኸው ዛሬ ይታፈናል። አስተማሪ ያለው ተማሪ፣ ሪዱ ማለቁን የሚነግረው ሰው አለው፤ ብቻውን የሚማረው ግን ጥፋቱን ከራሱ ቆጥሮ ያለቀውን ሪድ በከንፈሩ እየጨቆነ ሲታገል ይቆይና፣ ሪዱ ከተጣለ በኋላም የማይለቅ የመንከስ ልማድ ይተርፈዋል። ስለዚህ ልጂቱ ለስለስ ያሉ ሦስት ሪዶች ይዛ በየተራ ትንፋባቸው። አንድ ድምፅ እምቢ ሲላት ሪዱን ትለውጥ፤ በአንዱ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ የሪዱ ነው፤ በሦስቱም ካስቸገረ አፏን፣ ጣቷንና የመሣሪያውን ቁልፎች ትመርምር። ሪዱ ከመነፋቱ በፊት በውኃ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ ብዙ ከቆየ ግን አፉ ከልክ በላይ ይከፈታል።

አምቡሹር፣ ማለትም የከንፈር አያያዝ፣ በኦቦ ላይ ሁለቱም ከንፈሮች ጥርስን ሸፍነው ወደ ውስጥ የሚታጠፉበትና ሪዱን በገመድ እንደሚሰበሰብ የከረጢት አፍ ዙሪያውን የሚይዙበት ነው። ከላይና ከታች ብቻ ከተጨቆነ ድምፁ ቀጥኖ ከቅኝቱ በላይ ይሸሻል፤ ይህንም ጆሮ ቶሎ ስለሚለምደው በእጅ ስልክ ያለው ማቃኛ ሁልጊዜ ከፊቷ ይቀመጥ።

ትንፋሽን በተመለከተ ዋሽንት ነፊን ግራ የሚያጋባው፣ የሪዱ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ከሳንባ የሚወጣው አየር ጥቂት መሆኑ ነው። ነፊው የሚጨንቀው አየር አንሶት ሳይሆን ያገለገለውን አየር ተሸክሞ በመቅረቱ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ሌላ አየር ቢጨምር ራሱን ያዞረዋል፤ ስለዚህ በዜማው ሐረግ መጨረሻ አስቀድሞ ያስወጣል፣ ከዚያ ያስገባል። ከጣት ሥራም ማስጠንቀቂያ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የላይኛው ‹ሬ› ሲነፋ የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት ከቁልፉ አይነሣም፣ በቁልፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ እንድትከፈት ወደ ታች ይንከባለላል እንጂ። ጣቱን ማንሣት የለመደ ፈጣን ዜማ ላይ ይደናቀፋል።

በሄደችበት አገር ኦቦ ነፊ ብታገኝ፣ የአንድ ሰዓት ጊዜውን ለምና ዜማ ከመጠየቅ ይልቅ ሪዶቿን በየተራ አስነፍታ ብታዳምጥ ይሻላል። ብርዱን ግን ማንም ሳያስታውሳት ትጠንቀቅ፤ ከውጭ የገባ ቀዝቃዛ እንጨት ወዲያው ቢነፋ ውስጡ በሞቃት ትንፋሽ ሲለጠጥ ውጩ እንደቀዘቀዘ ስለሚቆይ፣ በተለይ የላይኛው ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። መሣሪያው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፤ ጎረቤትም እስከዚያ ይረፍ።

በመሣሪያው ሣጥን ውስጥ በሁለቱም ጫፎቹ ገመድ ያለው የሐር ጨርቅ ተቀምጧል። ከነፋች በኋላ እርጥበቱን የምታወጣው በእርሱ ነው፤ ከሰፊው በኩል ገብቶ ወደ ጠባቡ ሲሳብ ቢያዝ፣ በግድ እንዳትጎትተው፣ የኋለኛው ገመድ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

አባቷ