ለእናት የተሠራው መተላለፊያ

በቤይጂንግ የበጋውን ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ ከሁሉ ይልቅ ያቆመን ከሐይቁ ዳር የተዘረጋው፣ 728 ሜትር የሚረዝመው ባለጣሪያ የእንጨት መተላለፊያ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ እ.ኤ.አ. በ1750 ያሠሩት፣ እናታቸው ዝናብና ፀሐይ ሳያገኛቸው እንዲናፈሱ ብለው ነው ይባላል።

በየአግዳሚው ወንዝና ተራራ፣ አበባና ወፍ፣ የጥንት ተረትም ተሥሏል። በነገሥታቱ ዋና አዳራሾች የሚበዛው ዘንዶና ወርቅ ነው፤ እኔ እንደ እናት ይህኛውን መርጫለሁ። ዋናው ሥዕል ያረፈበት ግማሽ ክብ «ባኦፉ»፣ ማለትም የዕቃ መጠቅለያ ጨርቅ ይባላል። በእርግጥም አግዳሚው ጨርቅ የተጠመጠመበት ይመስላል።

ቀለሙ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱን ከእርጥበትና ከነቀዝ ይጠብቃል። በጥንቱ አሠራር ከሥሩ የጡብ ዱቄት፣ የቱንግ ዘይትና የአሳማ ደም ተለውሶ ከቃጫ ጋር ይለሰናል። የአሳማ ደም ሲባል አብረውን የነበሩት እኅቶች ፊታቸውን አጨፈገጉ!

እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች መተላለፊያውን አቃጠሉት። የዛሬው በ1880ዎቹ እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ስለሚልጠው ቀለሙ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል።

ስንወጣ አንዲት እናት ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የዝንጀሮውን ንጉሥ ታሳየው ነበር። ልጁ ግን በጣቱ ወደሚቀጥለው አግዳሚ ይጠቁማል።