ለሚፈታው ሰው ማሰብ

ዕቃን ጠቅጥቆ ማሰር ጉልበት ያለው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው፤ ለሚፈታው አስቦ ማሰር ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።

እኔ በአማን ተቀምጬ የቡና ገበሬዎችን መዝገብ በኮምፒዩተር እጠብቃለሁ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ለመረጃ ቋታችን ማሻሻያ ጽፎ እንድመረምርለት አመጣልኝ። ሐሳቡም የመዝገቡ ዓምድ ሁሉ እንደ ጠባዩ እንዲታመቅ፣ ማለት ምንም ሳይጐድልበት ጥቂት ቦታ እንዲይዝ፣ አዲስ የማመቂያ ዘዴም ከውጭ መጥቶ እንዲሰካ ነበር። ቦታ መቈጠቡ እውነት ነው። እኔ ግን፦ «ዘዴው የተነቀለ ዕለት በእርሱ የታመቀውን ማን ይከፍተዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ገበሬው ለሸጠው ቡና ምስክሩ ይህ መዝገብ ነውና፣ አልከፈት ካለ ድካሙ ምስክር ያጣል።

ይህን ጥያቄ ሌሎችም አስበውበታል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት በመስከረም 2014 ዓ.ም. በወጣው 14ኛው እትሙ ለየዓምዱ የማመቂያ ምርጫ ሲሰጥ፣ ነባሩን ፒጂኤልዚንና አዲሱን ኤልዚ4ን ብቻ ፈቀደ። በታመቀው ሁሉ ላይም በየትኛው እንደ ታመቀ የሚያመለክት 2 ቢት ይጽፋል። ስለዚህ ባለቤቱ ምርጫውን ቢለውጥም የቈየው ጽሑፍ በቈየው መንገድ ይከፈታል።

ወጣቱም ይህን ተረድቶ ምልክቱን ጨመረ፤ መረጃ የታመቀበት ዘዴም እንዳይነቀል ከለከለ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንተ የምታስረውን ነገ የሚፈታው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስታስር መፍቻውን አብረህ ተውለት።