ወደብ የሚጠበው የት ነው?

ብዙ ዓመት የሠራሁት በጭነት መኪና ስምሪት ነው። መርከብ ጂቡቲ ሲደርስ ለሾፌሮች መደወል፣ መኪና መመደብ፣ የዘገየውን መከታተል፣ የተበላሸውን መተካት። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ ነገር ነው። ወደብ ሲጨናነቅ ሁሉም ሰው ዓይኑን ባሕሩ ላይ ይተክላል፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ባሕር በማይታይበት ቦታ ነው።

ይህን የተማርኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ያለፈው ክረምት ዝናብ በመቅረቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ የሚጠብቅበት ዓመት ነበር። መንግሥትም ረጂዎችም ስንዴ ገዙ። ስንዴው ጂቡቲ የደረሰው ደግሞ ለመጪው እርሻ ማዳበሪያ በሚገባበት ሰሞን ሆነ። አንዱ ለዛሬ ረሃብ፣ ሌላው ለከርሞ እህል፤ ቆይ የሚባል አልነበረም። መርከቦቹ መልሕቃቸውን ጥለው ተራ ጠበቁ። መርከብ ከተዋዋሉበት ቀን በላይ ሲቆም ዲመሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል፤ እሱም የሚከፈለው በዶላር ነው።

ብትን ጭነት እንዴት እንደሚራገፍ ላላየ ሰው ላስረዳ። ክሬኑ በብረት መንጋጋው ማዳበሪያውን ከመርከቡ ሆድ ይዘግንና መትከያው ላይ ወደቆመ ትልቅ የብረት ቋት ይጥለዋል። ከቋቱ ሥር አንዱ ሠራተኛ የከረጢቱን አፍ ይደቅናል፤ 50 ኪሎ ሲሞላ ሌላው ይሰፋዋል፤ ከዚያ ጫኝና አውራጆች ተቀብለው ተሳቢው ላይ ይደረድሩታል። የዩሪያው ብናኝ በዚያ ሙቀት ከላብ ጋር ተቀላቅሎ አንገትና ክንድ ይለበልባል። 50 ሺህ ቶን የያዘ አንድ መርከብ 1 ሚሊዮን ከረጢት ይወጣዋል። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ 1,250 ጊዜ መቅረብ አለበት ማለት ነው። መኪና ከሌለ መስፋቱ ይቆማል፤ መስፋቱ ሲቆም ቋቱ ይሞላል፤ ቋቱ ሲሞላ ክሬኑ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን የቆመውን መርከብ ብቻ ያያል።

የዚያን ሰሞን በየቢሮው የሚወራው "ወደቡ ጠበበን" የሚል ነበር። እውነትነት ነበረው፤ መትከያ በቂ አልነበረም። ሌላውን ግማሽ የነገሩኝ አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር ናቸው። መስመሩን ከአሰብ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ምነው ጠፉ? መርከቡ እኮ ቆሟል።"

"እኔም ቆሜያለሁ ልጄ" አሉኝ። "ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። መጋዘኑ ሞልቷል፤ ያለውን የሚያነሳለት የለም። ጫኝና አውራጁ በዓል ነው ብሎ ቀርቷል። ከፊቴም መኪና ተደርድሯል። መርከቡ እንዲንቀሳቀስ ከፈለግህ መጀመሪያ መጥተህ እኔን አራግፈኝ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የስምሪት መዝገቡን አወጣሁና መኪኖቹ የት የት እንዳደሩ መከታተል ጀመርኩ። ጉዞ ላይ ካደሩት ይልቅ ቆመው ያደሩት በዙ፦ ጂቡቲ ፒኬ 12 የመኪና ማቆሚያ ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ሰነድ ሲጠብቁ፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ መሐል አገር መጋዘን ደጃፍ ላይ ሲጠብቁ። ያለው መኪና አራጋፊ አጥቶ ከቆመ፣ እንደሌለ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በወር ሦስት ጊዜ የሚመላለስ መኪና አራት ጊዜ እንዲመላለስ ቢደረግ፣ 300 መኪና የ400ን ሥራ ይሠራል። አንድም ጎማ ሳይገዛ፣ አንድም ሜትር መትከያ ሳይጨመር።

ከዚያ በኋላ በኛ በኩል አንድ ደንብ ወጣ፤ ማራገፊያው ያልተረጋገጠለት መኪና አይጫንም። ከመጫኑ በፊት መጋዘኑ ዘንድ ይደወላል፤ ቦታ ከሌለ መኪናው ቦታ ወዳለበት ወረዳ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ ሾፌሮቹ አጉረመረሙ፤ ተራቸው ደርሶ ባዶ መቆም ማንም አይወድም። ደንቡ የወደቡን መጨናነቅ አልፈታውም፤ የኛ መኪኖች ግን ቶሎ ቶሎ ሲመለሱ ታየ።

በኋላ ስለ አውስትራሊያዋ ኒውካስል ሳነብ ያው ታሪክ በትልቁ ገጠመኝ። ኒውካስል ከዓለም ታላላቅ የድንጋይ ከሰል መላኪያ ወደቦች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007 ላይ ከ50 የሚበልጡ መርከቦች ከወደቡ ውጭ ተራ ይጠብቁ ነበር። ሰኔ 8 ቀን ማዕበል ተነሥቶ ከመካከላቸው ፓሻ በልከር የተባለውን መርከብ ከከተማዋ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጣለው። 22ቱም መርከበኞች በሄሊኮፕተር ተረፉ፤ መርከቡን ከአሸዋው ማላቀቅ ግን እስከ ሐምሌ 2 ፈጀ። ያ ሁሉ መርከብ እዚያ የተከማቸው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ስለሚጫን ነበር። ከሰሉ ገና ከማዕድን ማውጫው ሳይነሳ ላኪው መርከቡን ልኮ ወረፋ ያስይዝ ነበር። የማዕድን አውጪው፣ የባቡሩና የወደቡ አቅም ደግሞ እርስ በርሱ አልተጣጣመም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሁሉንም በአንድ ዕቅድ የሚያስተባብር አካል አቋቋሙ። በ2010 ሌላ የከሰል መጫኛ ተርሚናል ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መርከቦች መድረሻ ቀናቸው አስቀድሞ እየተነገራቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንዲመጡ የሚያደርግ አሠራር ገባ። ወረፋው ቀለለ። አራተኛ ተርሚናል ለመገንባት በ2015 ፈቃድ ተገኝቶ ነበር፤ በ2018 ግን ባለቤቶቹ ዕቅዱን ተዉት። የሰፋው መትከያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰሉ ባቡር ጥበቃ ማውጫው ላይ ተከምሮ ይቀር ነበር።

ጂቡቲም ብዙ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ዶራሌ ላይ በ590 ሚሊዮን ዶላር ሁለገብ ወደብ አስመረቀች፤ የአዲስ አበባው ባቡር ሐዲድ እዚያው ድረስ ይዘልቃል። በዚያው ዓመት ለወጪ ብትን ጭነት ታስበው ሁለት ወደቦች ተመረቁ፤ ጉቤት ለአሳል ሐይቅ ጨው፣ ታጁራ ለኢትዮጵያ ፖታሽ። ጉቤት ላይ ጨውና መትከያ ጎረቤት ናቸው። ታጁራ ግን ሲመረቅ በዳሎል በኩል ያለው ፖታሽ ገና ከመሬት አልወጣም ነበር፤ ወደዚያ አቅጣጫ የታሰበው የመቀሌ–ሐራ ገበያ ባቡርም ሳያልቅ ቀረ። ዋናው የጂቡቲ ወደብ ጭነት በዝቶበት ሲጨነቅ፣ ታጁራ የተሠራለትን ጭነት ይጠብቃል። ሁለቱም ያጡት ከኋላቸው መምጣት ያለበትን ሰንሰለት ነው።

ስለዚህ አሁን አዲስ መትከያ ሊሠራ ነው ሲባል ስለ ርዝመቱና ስለ ጥልቀቱ ከመስማቴ በፊት ሌላ እጠይቃለሁ። ጭነቱ አለ ወይ? በምን ይመጣል? የት ያርፋል? መኪናውስ ሲሄድም ሲመለስም ጭኖ ነው? ይኸኛው ጥያቄ ለኛ ከባድ ነው፤ ከምንልከው የምናስገባው ስለሚበልጥ ብዙው ተሳቢ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ የባዶ ጉዞውን ዋጋ ደግሞ ማዳበሪያው ላይ ጨምሮ የሚከፍለው ገበሬው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጠባቡን ቦታ ስታሰፋው ጥበቱ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ጋላፊ ሲቀለጥፍ መጋዘኑ ይይዝሃል፤ መጋዘኑ ሲለቅ ተራው የመትከያው ይሆናል። ለማስፋፊያ የሚመደብ ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት በዚያ ዓመት ጭነቱ ብዙ ቀን ወደሚቆምበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከመሐንዲሱ በፊት ሾፌሩን መጠየቅ ያዋጣል፤ ቆሞ የሚያድረው እሱ ነውና።