ልጆችን ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች

ለቤተሰብ ዕረፍት ሲታሰብ ብዙዎቻችን ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን እንጠራለን። ተራራ የሚል ጥቂት ነው፤ ብርዱና ገደሉ እናትን ያስፈራሉና። ሆኖም ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ብቻ መቸኮል አያስፈልግም።

ጉዞው ከጎንደር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ይጀመራል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ የመግቢያው ክፍያ ይፈጸማል፣ አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ይገኛል፣ ስንቅ የሚጭን በቅሎም ይከራያል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ከቤት ከመነሳት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ማጣራት ግድ ነው።

ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሳንቃበር ከ3,200፣ ጨነቅ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር ይጠጋል። መኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ያደርሳል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅንም ያንሳል። ሰውነት ይህን እስኪለምድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበቤ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚኖር ጥቂት ይቀለዋል። ከመንጌ ወይም ከአሶሳ ሞቃት አገር የሚመጣ ቤተሰብ ግን ጎንደር ላይ አንድ ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅም እንዲሁ ቢያድር ይበጀዋል።

ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይናገርም። ይነጫነጫል፣ ምሳውን ይገፋል፣ ሲቦርቅ የነበረው ዝም ይላል። «መንገዱ አድክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከዚያ በላይ መውጣቱ ይቁም። ካልተሻለው፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ፤ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ነፍሰ ጡር እናት፣ የደም ማነስ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ማቆየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ሹራብና ጋቢ፣ ቀን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ባርኔጣ ያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ነውና ከጥቅምት ወዲያ ይመረጣል።

ሳንቃበር አካባቢ የጭላዳ መንጋ ታገኛላችሁ። ጭላዳ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። እናቲቱ አዲስ የወለደችውን ከሆዷ አጣብቃ፣ ጠንከር ሲል ደግሞ በጀርባዋ አዝላ ትዞራለች። ልጆች ይህን ማየት ከጀመሩ ለምሳ እንኳ ማንሣት ያስቸግራል! ምግብ ግን እንዳይወረውሩ ከልክሉ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ አውሬ ነገ ጓዳ ይገባል። በዓለም ላይ በስሜን ብቻ የሚገኘውን ዋልያ ለማየት ደግሞ ጨነቅ ላይ ማለዳ መነሣት ነው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያው ስለተመናመነ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተቆጥሮ እስከ 2017 ቆየ። ከዚያ መዝገብ ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ልጆቻቸው ለትምህርት ቤትና ለሕክምና መቅረባቸው ጥቅም ነው። ገብሷን ከማሳዋ ታፍስ የነበረች እናት ግን በከተማ ዱቄት በኪሎ መግዛት ይጠብቃታል። ዛሬ ግጭ ላይ ጅባራው ከጓሳው መካከል ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲታይ ያምራል። ልጆቻችሁ «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ብለው ከጠየቁ፣ ደባርቅ ስትመለሱ መልሱን ከራሳቸው ከግጭ እናቶች መስማት ይችላሉ።