ካዝናው ባዶ ነበር

የአርባው ተዝካር ወጥቶ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ በስካርቦሮ በሎውረንስ ጎዳና አካባቢ የሚኖሩት ወይዘሮ የሟች ባለቤታቸውን ዕቃ ሊለዩ ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ከቤት ማሞቂያው ጀርባ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አገኙ። ሲፈቱት ጠመንጃ ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ባለቤታቸው ጠመንጃ እንዳላቸው አያውቁም ነበር። ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ያጡ ሴት ናቸውና በቤታቸው የጠመንጃ ወሬ አይነሣም፤ ከቴሌቪዥን ተኩስ ሲሰማ እንኳ ተነሥተው ይወጣሉ። ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነገር ነው። «አያቴ፣ እሱን እኮ አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ ነው፣ አይከፈትም» አላቸው። ልጁ ባለፈው ክረምት አግኝቶት፣ ጎትቶ ጎትቶ እምቢ ሲለው መልሶ ሸፍኖት ኖሯል።

ወይዘሮዋ በቅድሚያ የደወሉት ለአንድ የዕድራቸው አባል፣ ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው የጎጃም ሰው ነበር። ሽማግሌው መጡ፤ ከደረጃው ግርጌ ቆመው አዩት።

«ጋሼ፣ ልጁ ተበላሽቷል ይላል። ይኸው ካዝናውም ለብቻው በካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ባዶ ነው» አሏቸው።

«ልጄ፣ አትንኪው። እኔም አልነካውም» አሉ ሽማግሌው። «ዘሩን የማላውቀውን ጠመንጃ አልከፍትም።»

ሽማግሌው ጠመንጃ የማያውቁ ሰው ሆነው አይደለም። ያደጉት የአባታቸው ውጅግራ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ በሚታይበት ቤት ነው። ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ፣ ካዝና የሌለው ባለ አንድ ጎራሽ ነው። ማቀባበያው ሲሳብ ጥይት መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይታያል። ከጣሊያን የተማረከውንም ምንሽር ያውቁታል፤ ከምላጩ ፊት ወደ ታች ወጣ ያለ ካዝና አለው፣ ስድስት ጥይት በብረት መያዣው ታቅፎ ከላይ ይገባበታል። በቤዝመንቱ ያለው ግን ማቀባበያ እጀታ እንኳ አይታይበትም።

በማግሥቱ የተጠራው ሟቹ እ.ኤ.አ. በ1993 እስከ ተዘጋው የስካርቦሮ የጄነራል ሞተርስ ቫን ፋብሪካ ድረስ አብሮአቸው የሠራ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነበር። የአደንና የጠመንጃ ፈቃዱ ያልተቃጠለ ሰው ነው። ገና ከሩቅ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጠመንጃውን የሸጠላቸው እርሱ ራሱ ኖሯል። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ፣ ባለቤታቸው «ከሥራ ባልደረቦች ጋር ወደ ሐሊበርተን ለዓሣ እንሄዳለን» የሚሉት ለአጋዘን አደን ነበር።

ጠመንጃው ሬሚንግተን 760 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1981 ድረስ የተሠራ። የሚያቀባብለው እንደ ውጅግራ በጎን እጀታ አይደለም፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት በግራ እጅ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመመለስ ነው። ካዝናው አራት ጥይት የሚይዝ፣ ተነቃይ ሣጥን ነው። የጥይቱ ዓይነት ከአፈሙዙ ጎን ተጽፏል። በዚያው አጠገብ ያሉት ጥቃቅን ፊደላት አፈሙዙ የተሠራበትን ወርና ዓመት ይነግራሉ፤ ለአሥራ ሁለቱ ወራት የተመደቡት ፊደላት በእንግሊዝኛ «ጥቁር ባሩድ» ከሚለው ቃል ተወስደው አንዲት ፊደል የተጨመረባቸው ናቸው። ይህ ሲተረጎምላቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ባሩዱን ረሱት እንጂ ስሙን አልረሱትም» አሉ።

ፈረንጁ ሰዎቹን ሁሉ ከኋላው አቆመ፤ አፈሙዙን ወደ ቤዝመንቱ የሲሚንቶ ግድግዳ መለሰ፤ ጣቱን ከምላጩ አራቀ። «አልተበላሸም፤ ተቀባብሎ ስለ ቆየ ነው የተቆለፈው» አለ። ይህ ዓይነት ጠመንጃ ከተቀባበለ በኋላ ወይ መተኮስ አለበት፣ ወይ ከምላጩ ቀለበት ፊት ያለችው ትንሽ መክፈቻ መጫን አለባት፤ አለበለዚያ እንጨቱ አይንቀሳቀስም። መቆለፉ ጠመንጃው መቀባበሉን ይናገራል፤ ጥይት መኖር አለመኖሩን ግን አይናገርም። መክፈቻዋን ተጭኖ እንጨቱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳበው። አንድ ጥይት ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ወይዘሮዋ የልጁን እጅ ያዙ፤ ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ሟቹ ግዴለሽ ሰው አልነበሩም። ካዝናውን ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ለብቻው አስቀምጠዋል። የረሱት ከካዝናው ወጥቶ ወደ አፈሙዙ የገባውን አንዱን ነው። ሽማግሌው ይህን ስሕተት ቀድሞም ያውቁታል። ምንሽር የመጨረሻዋ ጥይት ወደ አፈሙዙ ስትገባ፣ ባዶው የብረት መያዣ ከሥር ወልቆ ይወድቃል። «ባዶው ብረት መሬት ሲወድቅ ሰው ጥይቱ አለቀ ይላል። በሰፈራችን በዚህ የሞተ ጎረቤት ቀብረናል» አሉ።

የጠመንጃን ዘር መለየት የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በካናዳ ሕግም ይለያያል። ከ1898 በፊት የተሠራ ውጅግራ፣ ጥይቱ ትልቅና ካዝና የሌለው በመሆኑ፣ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ታይቶ ያለ ፈቃድ ሊያዝ ይችላል። 6.5 ሚሊ ሜትሩ ምንሽርና እንደ 760 ያለው የአደን ጠመንጃ ግን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ረጃጅም ጠመንጃዎችን የማስመዝገብ ግዴታ በ2012 ሲቀር ፈቃዱም የቀረ የመሰለው ብዙ ነው፤ አልቀረም፣ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የሟቹ መታወቂያ በኪስ ቦርሳቸው ሲገኝ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

ባለ ጠመንጃ ሲሞት ወራሹ ፈቃድ ላለው ሰው እስኪያስተላልፍ ድረስ ተገቢ ጊዜ ይሰጠዋል። ከ2022 ወዲህ ተቀባዩ ፈቃዱ የጸና መሆኑ በመንግሥት ተረጋግጦ የማረጋገጫ ቁጥር ሳይሰጥ ርክክብ አይፈጸምም። የሚረከብ ሰው ከሌለ ደግሞ ፖሊስ በአስቸኳይ ባልሆነው ቁጥር፣ በ416-808-2222 ሲደወልለት መጥቶ ይወስዳል። ጠመንጃን ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ጣቢያ መሄድ ሌላ አደጋ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥም ጥይቱ ወጥቶ፣ ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱም በቀላሉ ከማይገኝበት ስፍራ መሆን አለበት።

ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ መጥቶ ፈረንጁ ጠመንጃውን ተረከበ። ወይዘሮዋ በር ድረስ ሸኙት።

«ቢነግረኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፤ ምናልባትም አስወጣው ነበር» አሉ ወይዘሮዋ ለሽማግሌው። «ግን ልጁ ያን ነገር ብቻውን አይጎትተውም ነበር።»

«አገር ቤት እኮ ከምሰሶ ላይ ነበር የሚሰቀለው» አሉ ሽማግሌው። «ሕፃኑም ሴቱም ያየዋል፤ አትንካ የተባለው ያውቃል። እዚህ ከሚስት ተደብቆ ለሕፃን ቀረ።»

ፈረንጁ ሲሄድ አንድ ፎቶግራፍ ትቶላቸዋል። ብርቱካናማ የአዳኝ ኮፍያ ያደረጉ ሰው በበረዶ መካከል ቆመው ይስቃሉ። ወይዘሮዋ ያን ሳቅ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይተውት አያውቁም። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።