በኮት ሥር የሚያዝ ሽጉጥ

ሲቪል ለብሰን ከጦር ሰፈር ስንወጣ በኮት ሥር የትኛው ሽጉጥ ይያዝ የሚለው ጉዳይ ከጓዶቻችን ጋር ብዙ ጊዜ አከራክሮናል። እኛ ለረጅም ጊዜ የቶካሬቭ ወገን ነበርን። ጥይቱ ፈጣን ነው፤ አካሉም ጠፍጣፋ በመሆኑ ከወገብ ላይ ጎልቶ አይታይም። ማካሮቭን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቢሮ ሰው መሣሪያ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር።

አንድ ምሽት ደክመን ገብተን ኮታችንን ከነሽጉጡ በወንበር መደገፊያ ላይ ጣል አደረግነው። የአራት ዓመት ልጃችን እንደ ልማዷ ከረሜላ ፍለጋ እጇን ወደ ኮቱ ሰደደች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ስትል አየቻት። አልጮኸችም። «ነይ የኔ እናት፣ ከረሜላው እኔ ጋ ነው» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ፤ ልጅቱም ሮጣ ሄደች። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብላ «ጥይት ጎርሶ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

ጎርሶ ነበር።

ቶካሬቭ በመጀመሪያ አሠራሩ ራሱን የቻለ የጥንቃቄ ቁልፍ የለውም፤ መምቻውን በግማሽ ስቦ ከማቆም በቀር ሌላ ማገጃ አልተበጀለትም። እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ጦር ተቀባይነት ያገኘው ማካሮቭ ግን ቁልፉ ወደ ላይ ሲገፋ መምቻውን አውርዶ ያግደዋል። ርዝመቱ 16 ሴንቲሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም ገደማ ነው። 8 ጥይት ይይዛል፤ ያ የተመካንበት ቶካሬቭም ቢሆን ካዝናው ከ8 አያልፍም።

ዛሬ የምንይዘው ማካሮቭን ነው። ቤት እንደ ደረስን ካዝናውን እናወጣለን፤ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩንም በዓይናችን እናረጋግጣለን። ሳጥኑን የምትቆልፈው ባለቤታችን ናት፤ ቁልፉ ከአንገቷ ክር ላይ ይውላል። ከረሜላው በሸሚዝ ኪስ ነው።