777 ለማን ይጠቅማል?

ለመምህር ከሚሰጡት አደራዎች አንዱ የተማሪ ውጤት ነው። ሮስተር ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥስ? ቁልፉ የት እንዳለ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ማንሳት የጀመርኩት በሊኑክስ ላይ አፓቼን ስንለማመድ ነው። አፓቼ ከጀርባ ተቀምጦ ከኔትወርኩ የሚመጣለትን ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለውን ዴመን ይሉታል። ታዲያ እምቢ ባለን ቁጥር ከመካከላችን አንዱ፣ «ምን አስጨነቃችሁ? 777 ስጡትና ይሥራ!» ይላል። እውነትም አንዳንዴ ይሠራል። ግን መሥራቱ ብቻ ይበቃል ወይ?

በመሠረቱ በሩ ሁለት ነው። አንደኛው ፖርት ነው። ተራው ድረ ገጽ በ80፣ በምስጢር የሚተላለፈው በ443 ይስተናገዳል። በተለመደው የሊኑክስ አሠራር ከ1024 በታች ያለውን ፖርት ተራ ተጠቃሚ አይከፍትም። ስለዚህ አፓቼ በሩት ሥልጣን ተነሥቶ ፖርቱን ይከፍታል፤ ጥያቄ የማስተናገዱን ሥራ ግን አነስተኛ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ያሠራል። ትልቅ ሥልጣን ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው በር የፋይል ፈቃድ ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። ሦስቱ አኃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌላው ሰው ድርሻ ናቸው። 777 ሲባል እንግዲህ ለሁሉም ሁሉ ነገር ተፈቀደ ማለት ነው። ፋይሉ ጋ የደረሰ ማንኛውም ተጠቃሚ 48 የነበረውን የልጅ ውጤት 84፣ 84 የነበረውን 48 ሊያደርገው ይችላል። 640 ቢሆን ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ቡድኑ ያነባል፤ ሌላው አይነካም።

የትኛው በር እንደተዘጋ ማወቅም አያስቸግርም። ግንኙነቱ ወዲያው ተቀባይነት ካጣ ብዙውን ጊዜ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፤ የፈለገውን ያህል 777 ቢሰጡት ዋጋ የለውም። 403 ካለ ግን ዴመኑ ሰምቶናል፤ የከለከለው የራሱ ደንብ ወይም የፋይሉ ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ፎልደሩንም ማየት ያሻል፤ ያቺ 1 ከሌለች ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ነገ ሮስተር የምንረከብ ሁሉ «ሠራልኝ» ብለን ከመነሣታችን በፊት «ለማን ፈቀድኩ?» ብለን እንጠይቅ። ውጤቱ የልጆቹ እንጂ የእኛ አይደለምና።